ቀምሳ ካላየች አታምንም

በጫማ ፋብሪካው በር ላይ የሴቶችን ቦርሳ የምትበረብረውን ሴት ሠራተኛው ሁሉ «ፈታሿ» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቦርሳ ስትገለብጥ ኖራ የሰው ቃል ማመን ጭራሽ ትታለች። አመሏ ለፋብሪካው ይበጀው ይሆናል፤ እሷ ግን ቤቷም ይዛው ትገባለች። ባሏ ማታ ሲመለስ ኪሱን ራሱ ገልብጦ «በይ ፈትሺ» እያለ ይቀልድባታል።

ግን አይፈረድባትም። የሰባት ዓመት አንድያ ልጇ ኦቾሎኒ አይስማማትም። ሦስት ዓመቷ ላይ አንዲት ፍሬ ብትቀምስ ጉሮሮዋ አብጦ ልትሞት ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈታሿ ሐኪም ለእንዲህ ያለ ጊዜ ያዘዘላትን የድንገተኛ መርፌ ከጉያዋ አትለየውም።

ታዲያ ትምህርት ቤት ውስጥ የልጅቷ ከንፈር በአንድ ወር ሁለት ጊዜ አበጠ። የበላችው ከቤት የተቋጠረላትን ብቻ ነው። ፈታሿ መጀመሪያ አስተማሪዋን ጠረጠረች፤ ቀጥላ የምግብ አዳራሹን ሴትዮ፤ በመጨረሻ አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ። ድሮም በምሳ ሰዓት ከሥራዋ እየሾለከች መጥታ የዚያችን ሕፃን ምሳ ዕቃ ከፍታ አልፎ አልፎ ትቀምስ ነበር፤ አሁን በየቀኑ መቅመስ ያዘች። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ «የሰው ልጅ ምሳ መብላት ምን የሚሉት ነው?» ቢላት፣ «እየመረመርኩ ነው» ብላ ድርቅ አለች።

የትምህርት ቤት እረፍት ሲደርስ ባሏ ሁለቱንም ሐይቅ ዳር ወዳለ ሆቴል ወሰዳቸው።

«ሦስት ቀን ብቻ ሰው አትጠርጥሪ፤ እኛም እንረፍ» አላት።

እሺ አለች። ሻንጣው ሳይከፈት ወጥ ቤት ገባች።

የዘይቱን ጀሪካን አሸተተች፣ መጥበሻዎቹን እየገለበጠች አየች። ሼፉ ትዕግሥተኛ ሰው ነበርና ሁለት ድስት ከፍቶ አሳያት። «ይሄኛው ስጎ ኦቾሎኒ አለው፤ ለልጅቷ እንዳይሰጧት። ያኛው የለውም።»

ፈታሿ ዓይኑን ዓይኑን አየችው። ይህን ያህል ግልጽ ሰው ገጥሟት ስለማያውቅ ይባስ ጠረጠረችው። ማንኪያ አንስታ ከሁለቱም ቀመሰች። እውነቱን ነበር፤ አለው ያለው አለው፣ የለውም ያለው የለውም። ቢሆንም ልቧ አላረፈም፤ ለልጇ ከቤት ያመጣችውን የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ አበላቻት። ጨርሳ ስትበላላት «ጎሽ፣ የኔ ቆንጆ» ብላ ከንፈሯን ሳመቻት።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ልጅቷ ጉሮሮዋን ይዛ «እማዬ፣ አሳከከኝ» አለች፤ ድምጿ ሰለለ፣ ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር። ፈታሿ መርፌውን ጭኗ ላይ ወጋቻት፤ አባትየው አቅፏት ወደ መኪናው ሮጠ። ጤና ጣቢያ ደርሰው ልጅቷ ቀስ በቀስ ደህና መተንፈስ ጀመረች።

ሼፉ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ተከትሏቸው መጥቶ ኖሯል። ገና ስታየው ኮሌታውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ምን አበላሃት?»

«እትዬ፣ ልጅቷ ከእኔ ወጥ ቤት ምንም አልቀመሰችም። የቀመሱት እርስዎ ነዎት» አላት።

ልጅቷን የመረመረችው ሐኪም ከወረቀቷ ቀና አለች። «ከቀመሱ በኋላ ስመዋታል?»

የፈታሿ እጅ ኮሌታውን ለቀቀ። ሐኪሟ የቀመሱት ኦቾሎኒ በመሳም ሊተላለፍ እንደሚችል ስታስረዳ፣ እሷ በሐሳብ ትምህርት ቤቱ ጋ ነበረች። ሁለቱንም ጊዜ የዚያችን ሕፃን ምሳ ቀምሳ ልጇን ስማ ነው የወጣችው። አፈረች። ፍርሃቱ ደግሞ ከሀፍረቱ ባሰ፤ በገዛ አፏ ልጇን ልትገድላት ነበር። ሼፉን ይቅርታ ልትጠይቀው አፏን ብትከፍት እንባዋ ቀደማት።

በማግስቱ ጠዋት ሆቴል ክፍላቸው ውስጥ ልጅቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ስታጠልቅ እናቷ ልትስማት ጎንበስ አለች። ልጅቷ አፏን በመዳፏ ጋርዳ ወደ ኋላ ሸሸች።

«እማዬ፣ ምን በልተሻል?»

«ምንም አልበላሁም፣ እናቴ።»

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻት። አላመነቻትም።

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አለች።

ፈታሿ አልጋው ሥር ተንበርክካ አፏን ከፈተች።