ካልኩለስ ይዤ ወደ ሮብ ገበያ

የበደለኝ መምህር ዳምጤ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ካልኩለስ በጀመረበት ዕለት ክፍሉ ውስጥ የነበርነውን ሦስት ሴቶች አስነስቶ «ይሄ ምዕራፍ ለእናንተ አይሆንም፤ ውጡና አበባ አጠጡ» አለን። አጠጣን። ካልኩለስን ብቻዬን ተማርኩት፤ ጡረታ እስክወጣም ደብረ ማርቆስ ውስጥ አስተማርኩት።

ዘንድሮ የእሱ ልጅ የሺ ከሮብ ገበያ ከተማ ቤቴ ድረስ መጣች። «እትዬ፣ ልጄ ብርቄ መሐንዲስ ካልሆንኩ ትላለች፤ ግን ካልኩለስ አልገባት አለ። አባዬ ደግሞ ሰኞ ትምህርት ቤት ሄጄ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ አዛውራታለሁ ብለዋል።»

እሺ አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ ለማንም አላስረዳሁም።

ቅዳሜ ንጋት፣ ደብረ ማርቆስ

መናኸሪያው ገና ጭጋግ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች፣ ባዶ ጆንያዎች፣ እግሯ የታሰረ አንዲት ዶሮ።

ዳገቱ ላይ

የገብስ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ድንች የጫኑ ፈረሶች። ወደ ጮቄ ተራራ በቀረብን ቁጥር ብርዱ ይጨምራል። በእያንዳንዷ ቅጽበት መኪናው ያለበት አንድ ቦታ አለ፤ ባንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም። ፈንክሽን ማለት ይኸው ነው፤ ተማሪዎቼን የማስጀምረው በዚህ ነበር።

«እትዬ፣ ምን እያዩ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«የፍጥነት መለኪያህን።»

«እሱ ከሞተ ቆየ።»

«ታዲያ ፍጥነትህን በምን ታውቃለህ?»

«ተሳፋሪው ማርያምን መጥራት ሲጀምር እቀንሳለሁ።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መንገዱን በሙሉ ለፈጀብን ጊዜ ብናካፍል የምናገኘው አማካይ ፍጥነትን ነው። አሁን፣ እዚህ ኩርባ ላይ ስንት ነው? ለሚለው ግን ጊዜውን እያሳነሱ እያሳነሱ መሄድ ያስፈልጋል። ካልኩለስ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ረፋድ፣ ሮብ ገበያ

የየሺ ጓሮ ስደርስ ደቦ ጠበቀኝ። ጎረቤቶቿ የቤቱን የኋላ ግድግዳ አንድ ጎን አድርገው የበግ በረት ሊያጥሩላት ነው። ተሠርቶ ያለቀ የቀርከሃ አጥር ሣሩ ላይ ተዘርግቷል፤ ሃያ አራት ክንድ። መምህር ዳምጤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በከዘራው ያዛል። አላወቀኝም።

«ሦስቱም ጎን ስምንት ስምንት ክንድ! እኩል ጎን ካለው የሚሰፋ በረት የለም።»

ከብርቄ ጋር የድንች ጆንያ ላይ ተቀመጥን። «ከግድግዳው የሚወጡትን ሁለቱን ጎኖች ኤክስ ኤክስ በያቸው። ፊት ለፊት ስንት ክንድ ይቀራል?»

«ሃያ አራት ሲቀነስ ሁለት ኤክስ።»

«በኤክስ አባዢው። ኤክስ ሲለወጥ የበረቱም ስፋት ይለወጣል። እንደ መጣሁበት ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ዳገቱ ስንት ነው?»

አሰበች። «ጫፉ ላይ ዳገት የለም። ዜሮ።»

«ዳገቱን ፈልጊና ዜሮ አድርጊዋ።»

«ዳገቱ ሃያ አራት ሲቀነስ አራት ኤክስ...» ብላ ብድግ አለች። «ስድስት! አባባ፣ ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ ስድስት ይሁን። በእርስዎ ስድሳ አራት ነው፣ በእኔ ሰባ ሁለት።»

«እኩል ጎን ነው የሚሰፋው አልኩ።»

«እሱ አራቱንም ጎን ስናጥር ነው። እዚህ አንዱን ግድግዳው አጥሮልናል።»

ዶማ የያዘው ጎረቤት ዶማውን ተደገፈ። «መምህር፣ የት ልቆፍር? ወይስ በጎቹን እንጠይቅ?»

መምህር ዳምጤ በከዘራው መሬቱ ላይ ጫረ፣ አጠፋ፣ ደግሞ ጫረ። ደቦው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ልጅቷ እንዳለችው አድርጉት» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎን ካልኩለስ ማን አስተማረዎት?»

«ማንም።»

ሰኞ ብርቄን ሊያዛውር ትምህርት ቤት አልሄደም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሮብ ገበያ እየሄድኩ ብርቄንና ሁለት ሴት ጓደኞቿን አስተምራለሁ። እሱ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ይግቡ ብዬው አላውቅም።