መወልወያ የያዘው ፕሮፌሰር

በሆስፒታሉ የአጥንት ክፍል ኮሪደሩን የሚወለውለውን ሰውዬ ሁሉም «ፕሮፌሰር» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው፤ እሱ ግን ቀልድ መሆኑን ከረሳ ቆይቷል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በሐኪሙ በር ላይ መወልወያውን ተደግፎ የሰማውን ሁሉ በቃሉ ይዟል። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ሰው ገና ወንበር ሳይዝ፣ «በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ ሃያ ደቂቃ! በቀጥታ ቆዳህ ላይ እንዳታደርገው። ከዚያ በፋሻ ጠቅለል፣ እግር ወደ ላይ!» ይለዋል። ሚስቱማ ትራስ ተንተርሳ አታውቅም፤ የቤቱ ትራስ ሁሉ ጎረቤት እግር ሥር ነው።

መካሪነቱ አንድ ቀን ጉድ አፈላ። ሐኪሙ በሩን ቢከፍት ከአሥራ ሁለቱ ታካሚዎች አምስቱ የሉም። ለካ ፕሮፌሰር «አክሞ» ሸኝቷቸዋል። ከአምስቱ አንዱ በማግስቱ ወንድሙ አዝሎት መጣ፤ ወለምታ የተባለው ስብራት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ የሚል ሰው ነው።

«ከእንግዲህ አንዲት ምክር ብሰማ፣ ሥራህን ትለቃለህ» አለው፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል።

ፕሮፌሰር ደነገጠ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ስብራትም አፍሮ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ሦስት ቀን አፉን ለጉሞ ወለወለ። ጉልበቱን የሚያሻሽ ሰው ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንዲት አሮጊት አዝነው «ልጄ፣ አንተም ታመሃል እንዴ?» አሉት።

በአራተኛው ቀን አንድ ሾፌር በሚስቱ ተደግፎ ገባ። ጉልበቱ ተጎድቶ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ከርሟል። ወረፋው ሠላሳ አንድ ነው፤ የተጠራው ገና ሰባት። ሚስቱ ሱሪውን ሰብስባ ባቱን በቅባት ታሸው ጀመር። ፕሮፌሰር በጎን አየ፤ ያበጠውና የቀላው አንደኛው ባት ብቻ ነው።

«ኧረ ደግሞ ይፋጃል!» አለች ሴትዮዋ።

ስለዚህ ምልክት ሐኪሙ ስንቴ ሲያስጠነቅቅ ሰምቷል! ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ከቦታው ከተነቀለ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው። ፕሮፌሰር ምላሱን ነከሰ። ባልዲውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ። ልጆቹን አሰበ። ሴትዮዋ ቅባቱን ደግማ ጨለፈች።

«እህቴ፣ እጅሽን አንሺ! እንዳታሺው!» ብሎ ጮኸ። «ወንድሜ፣ ትንፋሽ ያጥርሃል?»

«ደረጃው ላይ… ትንሽ» አለ ሾፌሩ።

ፕሮፌሰር በመወልወያው እንጨት በሩን ደበደበው። ሐኪሙ ወጥቶ ባቱን አየና ወዲያው በሽተኛውን በተሽከርካሪ አልጋ አስገባው።

ከሰዓታት በኋላ ሐኪሙ ተመለሰ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ምንም እንዳልሰማ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ፕሮፌሰር ግን የሥራ ጋዋኑን አውልቆ፣ አጣጥፎ ባልዲው ላይ አስቀምጧል።

«ረግቷል። መድኃኒት ጀምረንለታል» አለ ሐኪሙ። «ተራው እስኪደርስ እየታሸ ቢቆይ ኖሮ…» አልጨረሰውም። «እንዲህ ያለ ነገር ካየህ በሩን ሰብረህም ቢሆን ንገረኝ። ሌላውን ሰው ግን አትምከር። እሺ?»

የፕሮፌሰር ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን ሰው መዋሸት አልሆነለትም።

«በሩን እሰብራለሁ ዶክተር» አለ። «ዝም ማለቱን ግን አልችልም።»