አለማየቴን የሚመሰክር ወረቀት

ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ግላኮማ መጀመሪያ የክፍሉን ዳርና ዳር ወሰደብኝ፤ ቀጥሎ የኋላ ረድፍ ተማሪዎችን፤ በመጨረሻ ጥቁር ሰሌዳውን። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ስለነበሩ ከሥራ አላስወጡኝም። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ወንበር ሰጡኝ። ተማሪዎች ሲገቡ መታወቂያቸውን ያስይዙኛል፤ ሲወጡ ከሳጥኑ ውስጥ ራሳቸው ፈልገው ይወስዳሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሌሎች ገጽ ሲገልጡ እሰማለሁ።

አላይም ብዬ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሲጠይቁኝ «ዓይኔን ትንሽ ያመኛል» ነበር መልሴ።

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ገበያ ላይ ቅቤ ትሸጣለች። ስትመለስ እግሯን ታጥባ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በወላይትኛ ታነብልኛለች። አንድ ቀን ልብ ወለድ እንድታነብልኝ ለመንኳት። ሦስት ገጽ እንደሄደች ዘጋችው።

«ሰውየው ሚስቱን ጥሎ ከሌላ ጋር ሲሄድ እኔ ጮክ ብዬ ላንብብልሽ? ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል?» አለችኝ።

ስቄ ተውኩት። መጽሐፉን ግን መደርደሪያው ላይ አልመለስኩትም፤ ትራሴ ሥር አደረግኩት።

በኮምፒውተር ስለሚነበቡ መጻሕፍት የነገሩኝ በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር የነበሩ ዓይነ ስውር ሰው ናቸው። ወደ ትምህርት ቤቱ ደውለው፣ ጸሐፊዋ ስላልነበረች እኔ አነሳሁት።

«ቤተ መጻሕፍት ያሉት ቲቸር እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ። አሁን ምን እያነበቡ ነው?»

ከአራት ዓመት ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ምንም» አልኳቸው።

እሳቸው አላዘኑልኝም። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ኮምፒውተር እንዳለ፣ ውጭ አገር ደግሞ የታተመ ማንበብ ለማይችሉ ብቻ መጻሕፍት የሚሰጥ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ነገሩኝ። እሳቸውን ያስመዘገበቻቸው አንዲት የኢንተርኔት ቤት ባለቤት ነበረች፤ ቤቷን ጠቆሙኝ።

ሴትዮዋ ከጎኗ አስቀመጠችኝና ቅጹን ትሞላልኝ ጀመር። ስም፣ አገር፣ ዕድሜ። ቤቱ ሰው ሞልቶበታል።

«የጉዳት ዓይነት ይላል ቲቸር። ዓይነ ስውር፣ በከፊል የማያይ፣ መጽሐፍ መያዝ የማይችል... የትኛውን ልጫን?»

የሚተይቡት ጣቶች ሁሉ የቆሙ መሰለኝ።

«በከፊል» አልኩ።

ጫነችው። ቀጥሎ የመጣው፣ ይህንኑ የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት እንድናያይዝ የሚጠይቅ ነበር።

ከእህቴ ጋር ኦቶና ሆስፒታል ሄድን። እሷ ውጭ ስትጠብቀኝ እኔ የዓይን ክፍል ገባሁ። ነርሱ ረጋ ያለ ድምፅ ያለው ሰው ነው። አገጬን ደገፍ አድርጎ፣

«ብርሃኑ ይታይዎታል?» አለኝ።

«ይታየኛል።»

«በየት በኩል?»

«በቀኝ።»

«ቲቸር፣ ባትሪውን ገና አላበራሁትም» አለኝ።

እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እየዋሸሁት አልነበረም። በቀኝ በኩል የሆነ ነገር ሲበራ አይቻለሁ ብዬ መማል እችል ነበር። አብርቶም ሞከረ፤ አጥፍቶም ሞከረ። እኔ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጠሁ።

«በከፊል ብለህ ጻፍልኝ» ብዬ ለመንኩት።

«እንደዚያ ብጽፍልዎ ምን ይጠቅምዎታል?»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማሁ፤ ከዚያ ማኅተሙ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታው።

ባጃጅ ውስጥ እህቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አገላበጠችው። «እንግሊዝኛ ነው። ምን ይላል?» አለችኝ።

«መጽሐፍ ይሰጧት ነው የሚለው» አልኳት።

«ተመስገን» ብላ አጥፋ መለሰችልኝ። የቀረውን መንገድ ስለ ቅቤ ዋጋ አወራችኝ፤ እኔም «እህ» እያልኩ ደረስን።

ወረቀቱን ከላክን ከአሥር ቀን በኋላ ፈቃዱ መጣ። በደስታ ነው የሄድኩት። ለሴትዮዋ በየዓመቱ አስተምረው የነበረውን ልብ ወለድ ርዕስ ነገርኳት።

«የለም ይላል ቲቸር።»

የደራሲውን ስም አስጻፍኳት። የለም። ሌላ ደራሲ፣ ሌላ ርዕስ። የለም። በመጨረሻ «እስኪ ዝም ብለሽ አማርኛ ብለሽ ፈልጊ» አልኳት። አንድ መጽሐፍ ወጣ፤ ፈረንጆችን አማርኛ የሚያስተምር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። ሴትዮዋ እንዳይከፋኝ ብላ ከአንድ ድረ ገጽ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አውጥታ በሚያነበው ኮምፒውተር ሞከረችው። እንግሊዝኛውን ሲለፈልፍ የነበረው ድምፅ እዚያ ሲደርስ ጭጭ አለ። ሥራ ያቆመ መስሎኝ ነበር። ለካ ፊደሉን አያውቀውም፤ መስመሩን ሁሉ ዘሎ፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን የዓመት ቁጥር ብቻ አነበባት።

«ምን ላድርግልዎት?» አለችኝ።

«ያለውን አውጪልኝ» አልኳት።

አንዲት ደሴት ላይ ብቻዋን ስለምትኖር የፖስታ ሠራተኛ የሚተርክ ልብ ወለድ መረጥን። ዳውንሎድ ማድረጉ ከጠዋት ጀመረ፤ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። በማግስቱ እንደገና ከዜሮ ጀመርን። ምሳ ሰዓት ላይ ሚሞሪ ካርዱን ስልኬ ውስጥ ከታልኝ፣ የጆሮ ማዳመጫውን በጆሮዬ ሰካችልኝ።

ሰው ሠራሽ ድምፅ ነው። የፖስታ ሠራተኛዋ ስታለቅስም ስትስቅም አንድ ዓይነት ነው የሚያነበው። እንግሊዝኛዬም የአማርኛ አስተማሪ እንግሊዝኛ ስለሆነ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አራት ጊዜ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን ግን ድምፁን ረሳሁት። ባሕሩ መጣ፤ የደብዳቤ ከረጢቱ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተቀምጬ፣ መታወቂያ እየተቀበልኩ፣ የምሳ ደወል ሳልሰማ አለፈኝ።

መጽሐፉን የጨረስኩ ዕለት ለእህቴ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረክሁላት። ለራት የሚቀቀለውን ቦዬ እየላጠች «እሺ... እሺ» ትላለች። ሴትዮዋ ደሴቱን ትታ ልትሄድ ጀልባ የተሳፈረችበት ላይ ስደርስ የቢላው ድምፅ ቆመ። በጉጉት መስሎኝ ነበር። ድካም ጥሏት ቁጭ ባለችበት እንቅልፍ ወስዷታል።

ከዚያ ወዲህ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ካየች አታናግረኝም። «ጆሮሽ ሥራ ላይ ነው» ትላለች፤ ተቆጥታ አይደለም። እኔም አወጣዋለሁ እያልኩ ሳላወጣው እቀር ነበር።

ስለ መጻሕፍት የሚያዋዩኝ ኦፕሬተሩ ብቻ ነበሩ። ያን መጽሐፍ እሳቸውም አስወረዱት። ዓርብ ከሰዓት ስልክ ጸጥ ሲልላቸው እደውላለሁ።

«መሄድ አልነበረባትም» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ከወፍ ጋር ስታወራ ትኑር?»

«ወፎቹ ምን አደረጓት?»

እንዲህ እየተከራከርን አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሄድን፤ ስንት መጽሐፍ እንደጨረስን አላስታውስም። ፊት ለፊት የተገናኘነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እጃቸው ትንሽና ሞቃት ነበር። ከዚያ ጡረታ ወጡና ወደ ትውልድ ቀያቸው፣ ከሃላሌ ከተማ ወዲያ ማዶ ገቡ። እዚያ ሞባይል አይይዝም። ገበያ ሲወጡ ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ ስለ ጤንነት እንኳ ሳንጨርስ ጠፋ።

አንድ ዓርብ ረጅም ልብ ወለድ ጨረስኩ። ስለ መጨረሻው የምለው ብዙ ነበረኝ። እጄ ለምዶ የድሮ መሥሪያ ቤታቸውን ቁጥር መታ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች አዲሷ ኦፕሬተር። «ማንን ላገናኝዎት?»

«ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ሚሞሪ ካርዱን አውጥቼ በመሐረብ ጠቀለልኩና፣ ሌላ መጽሐፍ እንድታወርድልኝ ወደ ኢንተርኔት ቤቷ የአጥሩን ጥግ ይዤ ወረድኩ።