ያለ ሰዓቱ የጮኸው ዶሮ

ሌሊቱን የዶሮዎቼን ድምፅ ሲቀዳ ያደረውን መሣሪያ ጠዋት ስከፍት፣ የመጀመሪያው ጩኸት ጆሮዬ ገብቶ ሰበታ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ መልሶ ያቆመኛል። የእንስሳትን እንቅልፍ የማጠና ገና ጀማሪ ተመራማሪ ነኝ። ባልደረቦቼ ዶሮን የመረጥኩት ርካሽ ስለሆነ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ዶሮ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ ስላየሁ ነው።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን በሁሉ ሰው አፍ በነበረበት ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤት ውስጥ እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜ ለሜሳና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ ጤፍ ይዘራበት የነበረው ከአጥራችን ማዶ ያለው መሬት የአበባ እርሻ ሆኖ፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ በላስቲክ ጣሪያው ላይ ሲንጣጣ እንሰማ ነበር። ለሜሳ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው እኛን ሳይሆን፣ ከጫጩትነቱ ያሳደገውን ገብስማ አውራ ዶሮ ነበር፤ እማዬም «ደግሞ ከእኔ በፊት እሱን ሰላም በል!» እያለች ትቆጣው ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ጤፍ እየታጨደ ሳለ፣ ተማሪዎቹ መሬታችን አይወሰድም ብለው መንገድ ወጡ፤ ለሜሳም ከፊት ነበር። በሦስተኛው ቀን ተይዞ ሄደ። እማዬ ስንቅ ቋጥራ ካንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ስትዞር ውላ፣ «እዚህ የለም» ተብላ፣ የቋጠረችውን እንደያዘች ትመለስ ነበር። አልጋው ላይ የነበረውን ወፍራም ብርድ ልብስ እሱ እንዳጠፈው ተወችው፤ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር።

በዚያው ሰሞን የአበባ እርሻው ለጥበቃ ብሎ አጥሩ ላይ ትልልቅ ፓውዛዎች ሰቀለ። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ሲበሩ ግቢያችን ቀን ይመስል ነበር፤ ዶሮውም ቆጡ ላይ እንዳለ ክንፉን አራግፎ ይጮኽ ጀመር። በእኛ ሰፈር በምሽት የጮኸ አውራ ዶሮ መርዶ ጠሪ ነው ተብሎ ይታረዳል። ዶሮው በጮኸ ቁጥር እማዬ ደረቷን ይዛ «ልጄን! ልጄን!» ትል ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ሴት አታርድምና፣ ጎረቤታችንን ኦቦ ደቻሳን ጠራች።

እኔ ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር፤ መብራት በጠፋበት ምሽት ዶሮው ድምፁን አላሰማም። ኦቦ ደቻሳ ቢላቸውን ይዘው ሲገቡ ዶሮውን አቅፌ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ።

«አይታረድም» አልኳቸው።

«ያ ኢንታላ! አንቺ ልጅ፣ እናትሽ እንዲህ እየተሰቃየች?»

«ጥፋቱ የፓውዛው ነው እንጂ የሱ አይደለም። ሦስት ቀን ይስጡኝ። ከዚያ በኋላ ከጮኸ ራሴ ይዤ አመጣልዎታለሁ።»

«ይህን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ግን ካረድነው ለሜሳ ሞቷል ብለን አምነን ተቀበልን ማለት ነው። እኔ አልቀበልም!»

ኦቦ ደቻሳ እማዬን አዩ፣ እማዬ መሬት መሬት አየች፣ ቢላውም ወደ ሰገባው ተመለሰ። ተነሥቼ ከለሜሳ አልጋ ላይ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት። እማዬ «ምን ልታደርጊ ነው?» ብላ ስትጮህብኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቴ መልስ ሳልሰጥ አለፍኩና የዶሮውን ቤት ጠቅልዬ ሸፈንኩት።

ያን ምሽት ፓውዛው ሲበራ እማዬ፣ ኦቦ ደቻሳና እኔ ደጅ ቆመን ጠበቅን። ዶሮው ጭጭ አለ። የገረመኝ ግን ንጋቱ ነው፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ቅንጣት ብርሃን ሳያይ፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጮኸ። እማዬ ከአልጋዋ ሳትነሣ «ታዲያ ሰዓቱን ማን ነገረው?» አለች። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እስከ ዛሬ የማጠናው ይህንኑ ጥያቄ ነው። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ደቻሳ በቢላው ፋንታ አንድ እፍኝ በቆሎ ይዘው መጥተው፣ ለዶሮው በተኑለት።

ለሜሳ መጋቢት ላይ፣ በአንድ ፀሐያማ ቀትር፣ ከስቶ በእግሩ መጣ። እልል አልን፣ አለቀስን። እንቅልፍ ግን እምቢ አለው፤ ቀን ሲያንቀላፋ ይውልና ሌሊት ተነሥቶ ይቀመጥ ነበር። «የነበርንበት ክፍል መብራቱ አይጠፋም ነበር» አለን። ሰፈሩ ልጁ ጭንቅላቱን ተነክቷል ማለት ሲጀምር ደሜ ፈላ። እማዬ ግን ማንንም ሳታማክር ብርድ ልብሱን ከዶሮው ቤት ላይ አንሥታ አራገፈች፣ ላባውን ለቀመች፣ ለዶሮው በምትኩ የማዳበሪያ ከረጢት ደራረበችለትና፣ ብርድ ልብሱን በፓውዛው በኩል ባለው መስኮት አናት ላይ እንደ መጋረጃ በምስማር ቸነከረችው። ሳምንታት ፈጅቶበት፣ ለሜሳ ከዶሮው ጋር እኩል መንቃት ጀመረ።

ዶሮው አርጅቶ ነው የሞተው፣ ማንም አላረደውም። ዛሬ ለሜሳ የልጆች አባት ነው። እኔም «አገር በዚህ ሁሉ ችግር ውስጥ ሆና የዶሮ እንቅልፍ ምን ይሠራል?» ለሚለኝ ሰው፣ ያኔ ለኦቦ ደቻሳ እንዳደረግኩት ሦስት ቀን ስጡኝ ብዬ አልለምንም፤ ሥራዬን እሠራለሁ። ለበዓል ተሰባስበን እናቴ ቤት ስናድር ፓውዛው አሁንም ሦስት ሰዓት ላይ ይበራል። ምስማሮቹ ዝገዋል፣ ብርድ ልብሱም ሳስቷልና እማዬ ሌላ ደርባበታለች። ጎትታ መስኮቱን ትጋርደዋለች፣ እኛም እንተኛለን።