አባቴ የሚያባብላት መኪና

አባቴ ባሕር ዛፍ እያስቆረጠ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ቡራዩ ውስጥ የግል መኪና ያለው ከእሱ ሌላ ሰው አላስታውስም። መኪናዋ ግን አንድ ጣሊያን ሲገለገልባት ኖሮ አገሩ ሲገባ ጥሏት የሄደ አሮጌ ነበረች። እናቴ «ባለቤቷ እንኳ ይዟት አልሄደም» ትለዋለች። እሱ ምን ተዳው! መጀመሪያ ጎማ ልቀይርላት አለ፤ ከዚያ ካንዴላ፤ ከዚያ ወንበሯን ቆዳ ላልብሳት አለ። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስ አይለቅም። እኛ ልጆቹ ለፋሲካ ጫማ ስንለማመጥ፣ እሷ ሳትጠይቅ ይገዛላት ነበር።

ደስታዋን ግን አልክድም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገፈርሳ ውሃው ዳር ወርደን እናጥባት ነበር። እኔ ኮፈኗን ፊቴ እስኪታየኝ አሸዋለሁ። አባቴ ከወዲያ ማዶ ቁጭ ብሎ፣ ልጁን ድሮ ኩሎ እንደጨረሰ ሰው ያያታል። እንደዚያ ሲሆን እኔም እወዳት ነበር።

ችግሯ ዳገት ላይ ነው። ስትግል ቀጥ ትላለች። አባቴ ወርዶ ኮፈኗን መታ መታ እያደረገ «ማል ታቴ፣ ያ ሚዳግዱ? ምን ሆንሽ፣ አንቺ ቆንጆ?» ይላታል። ያንን ከእናቱ አፍ የለመደውን ኦሮምኛ ለእኛ አያወጣውም፤ ለእሷ ነበር ያስቀመጠው። እምቢ ስትለው ተናዶ መንገድ ዳር ጀርባውን ሰጥቷት ይቀመጣል። ያኔ እኔ ባሕር ዛፍ ሊጭን የመጣ የካሚዮን ሾፌር ሲያደርግ ያየሁትን አደርጋለሁ። ጨርቅ ውሃ ነክሬ ቀጭኗን የቤንዚን ቱቦ እጠቀልላታለሁ። ቱቦዋ ስትበርድ ጨርቁን አነሳና «አባባ፣ እስቲ አሁን ይሞክሯት» እላለሁ። ትነሳለች።

«አየሽ? ሁሉም ነገር ማባበል ነው!» ይላል። ያን ፊቱን አይቼ እንዴት እውነቱን እነግረዋለሁ?

ባለ መኪና መሆኑ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነበረው። ምጥ የያዛት፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ሙሽራ የሚያመጣ ሁሉ «ኦቦ፣ እባክዎ» እያለ ደጃችን ይቆማል። አባቴ እምቢ ማለት አያውቅም። ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ በመጡ ቀንም እምቢ ማለት አልቻለም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ልገባ ስሜ ወጥቶ ነበር። ጠያቂው የሱሉልታ ሣር ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ በዕድሜ ግን ከእኔ ይልቅ አባቴን ይቀርበዋል። የአባቴ እግር ላይ ወድቄ «ልማር» እያልኩ አለቀስኩ። አንድ ቀን አይደለም፣ ሰንብቼ አለቀስኩ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ሽማግሌ አይመለስም» አለኝና መኪናዋን ሊያይ ወጣ።

የሠርጉ ዕለት አጃቢው በካሚዮን እየጨፈረ ቀድሞን ሄደ። አባቴ «ልጄን በገዛ መኪናዬ ነው የማደርሳት» ብሎ ላገር ሁሉ አውርቷል። እኔ ኋላ ወንበር ላይ በሙሽራውና በአንደኛው ሚዜ መካከል ተጣብቄ ተቀመጥኩ። እናቴ አስጠንቅቃኛለች፤ ሙሽራ ባሏ ቤት እስክትገባ እግሯ መሬት አይነካም፣ ድምጿም አይሰማም። ዓይነ ርግቡ ውስጥ የገዛ ትንፋሼ ፊቴ ላይ ይመለሳል። ከተማውን አቋርጠን የእንጦጦን ዳገት ስንያያዘው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ። ሳትቆም በፊት እንደምትቆም አውቄ ነበር።

ቀጥ አለች። ደስ አለኝ። እዚያ ዳገት ላይ እስከቆምን ድረስ የማንም ሚስት አይደለሁም ብዬ አሰብኩ።

አባቴ አባበላት። ሞተር ማስነሻውን ማኖቬላ አስገብቶ አሽከረከረ። ነጭ ልብሱ ግራሶ በግራሶ ሆነ፣ ላቡ በአገጩ ተንጠባጠበ። በመስኮት የሚያልፉ ሣር የጫኑ አህዮችና ነጂዎቻቸው ይታዩኛል፤ ነጂዎቹ ቆም ብለው ያዩትና ይሳሳቃሉ። እኔ የማውቀውን ይዤ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። በዚያ ቀን የእኔ የምለው ያ ምስጢር ብቻ ነበር።

ሙሽራው ብቅ ብሎ «አባባ፣ አይልፉ፤ ሰው ልኬ በቅሎ ላስመጣ» አለ።

ክፋት አልነበረበትም። አባቴ ግን ማኖቬላውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ጉራ፣ ልጁ በበቅሎ ልትገባ ነው። እኔም ያኔ ገባኝ። መኪናዋ ብትነሳም ባትነሳም ሱሉልታ መድረሴ አይቀርም። ዝም ብዬ የማተርፈው የአባቴን ውርደት ብቻ ነው።

ጉልበቴ ላይ የነበረውን ነጠላ በመስኮት አቀበልኩት። «አባባ፣ በውሃ ይንከሩትና የቤንዚን ቱቦዋን ይጠቅልሉባት። ወፍራሟን አይደለም፣ ቀጭኗን።»

ሚዜው ደነገጠ። ሙሽራው «ለካ አፍ አላት!» ብሎ ሳቀ፤ ድምጼን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። አባቴ ነጠላውን ይዞ ለጥቂት ጊዜ አየኝ። ከዚያ ኮፈኑ ሥር ጎነበሰ። ቱቦዋ በረደች፣ ሞተሩ ተነሳ፣ እኔም በእልልታ ገባሁ።

አባቴ ሳይመሽ ሊመለስ ተነሣና ሊሰናበተኝ መጣ። ጉልበቱን ስስም እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ምርቃት ጠበቅኩ።

«ሁልጊዜ የምታስነሺያት አንቺ ነበርሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ዓይኑ እንባ ሞላ። «ምነው ልጄ! ይህን ባውቅ ኖሮ ለማንም አልሰጥሽም ነበር።»

ከልቡ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ያለቀስኩት ስለ ትምህርት ቤት ነበር።