«ነን» የምትባል ቃል እማሆይን ልታጠፋብኝ ነበር

ዛሬ አንዲት እማሆይ ፊታችን ቆመው «የሉም» ተባሉ! ያስባልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

አንዲት ፈረንጅ በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም ይዤ ስወጣ፣ ወደ ገዳሙ እያመለከተች «ነን?» አለችኝ። በእንግሊዝኛ ነን ማለት «ምንም የለም» እንደሆነ እኔን ማን ያስተምረኛል! ምን በወጣው ባዶ ይሆናል ብዬ «ኖ ነን!» አልኳት።

ፊቷ ጠቆረ፤ በቅሎዋን አዙሪልኝ አለች። ጉዞዬ ገደል ሊገባ ነው!

እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከገዳሙ ሲወርዱ ብቅ አሉ። ፈረንጇ «ነን! ነን!» ብላ ጮኸች።

«ምን ትላለች ልጄ?»

«የሉም እያለችዎት ነው እማሆይ።»

«በስመ አብ! ቆሜ እያየችኝ?»

ወደ እማሆይ እያመለከትኩ «ነን? ናቲንግ?» ስላት፣ ፈረንጇ ነገሩ ገብቷት በሳቅ ሞተች። ሁለቱንም ቃል መዳፌ ላይ ጻፈችልኝ። ለካ መነኩሲትም ነን፣ ምንምም ነን፤ ፊደሉ ነው የሚለያየው! እኔ «ኖ ነን» ስላት መነኩሲት የለም ማለቴ መስሏታል። ከዚያማ እየሳቅን ገዳሙ ደረስን።

እንግሊዝኛ እኔን ለመጣል መነኩሲት ማሰለፍ ነበረበት።

እናንተንስ የትኛዋ ቃል ጉድ ሠራቻችሁ? ኮመንት ላይ አምጧት፤ አሁን አስተማሪ ነኝ።