ጭስ የሌለው ኃይል

አያ ስመኘው አርብ ገበያ ላይ በናፍጣ ወፍጮ ገብስ ሲፈጩ ሠላሳ ዓመት ሞላቸው። ጭሱ ደረታቸውን በልቶታል። አንድ ልጃቸውን ደሳለኝን ግን የበላው ጭስ አይደለም፤ አምና የታጠቁ ሰዎች ከወፍጮ ቤቱ ደጅ ወሰዱት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ወሬው የለም።

አንድ አርብ ሜሮን የምትባል ወጣት መጠይቅ ይዛ ከከተማ መጣች።

«አባባ፣ ስለ ኒውክሌር ኃይል የሕዝቡን አስተያየት እየሰበሰብን ነው። ጭስ የለው፣ ምን የለው፤ ንጹሕ ኃይል ነው። ቢመጣ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?»

አያ ስመኘው ሞተሩን አጠፉ። ከነገረቻቸው ሁሉ ጆሯቸው የያዘው «ኃይል» የምትለዋን ነው። በእሳቸው አገር ኃይል ማለት ጠመንጃ ያነገተ ሰው ነው።

«የማን ኃይል ነው?»

ሜሮን ሳቀች። «የማንም አይደለም፤ ለመብራት የሚሆን ነው።»

«ቢፈነዳስ?»

«ብዙ ጊዜ አይፈነዳም። ምናልባት ከሆነም ሰዉ ቀዬውን ለቆ ይወጣል።»

ሽማግሌው ደጁን አዩት።

«ተይኝ ልጄ። እስከ ዛሬ የመጣብን ኃይል ሁሉ ንጹሕ ነኝ እያለ ነው የመጣው። ግን አንዱም እናንተስ ምን ትላላችሁ ብሎን አያውቅም። ይኸኛው አስቀድሞ መጠየቁ ነው ያስፈራኝ።»